ስሜ ያለበት ቀለህ

ለውድ ወንድሜ ለመርዋን፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? የእማማ ጉልበት ብርዱን ቻለው? አባባን ሳሉ ለቀቀው? ኸውላስ ወሯ ገባ? ደሴ ዘንድሮ ውርጩ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ ሐሳቤ ሁሉ እናንተ ጋ ነው። እኔ በአካል ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ፈርቻለሁ፣ መርዋን። በስልክ ያልነገርኩህ ስልካችሁ ሁልጊዜ በስፒከር ስለሆነ፣ እማማም ከጎንህ ስለማትጠፋ ነው። ሞሚና ነገ ወደ አገር ቤት ስትበር ይህን ትይዝልሃለች። ብቻህን አንብበው።

«ሰው አሜሪካ ድረስ ሄዶ ቀለህ ይለቅማል?» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ሂልቶፕ የሚባል ሰፈር ያለው የምሠራበት ሱቅ የተተኮሰ የጠመንጃ ቀለህ በጆንያ ይገዛል፤ እኔ ጥሩውን እመርጣለሁ፤ አዳኞች ይገዙና በየቤታቸው ባሩድና እርሳስ ሞልተው መልሰው ይተኩሱበታል። እዚህ የተፈቀደ ነው። ልጆች ሳለን ከሰርግ ተኩስ በኋላ ተሻምተን ስናፏጭበት ቀለህ ሁሉ አንድ ይመስለን ነበር። አይደለም። ነሐስም ይደክማል። በተተኮሰ ቁጥር ይለጠጣል፣ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ ግድግዳው ከውስጥ ይሳሳል፣ በውጭ በኩል ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ያወጣል። አፉ የተሰነጠቀውን ማንም ያየዋል። ይህን ግን የምታረጋግጠው ጫፉ የታጠፈ ሽቦ አስገብተህ ስትዳብሰው ነው፤ ሽቦው የሳሳው ቦታ ላይ ያዝ ያደርግሃል። እንዲህ ያለው እንደገና ከተተኮሰ ጠመንጃው ውስጥ ለሁለት ይበጠሳል፤ እሳቱ ወደ ተኳሹ ዓይን ሊመለስ ይችላል።

የሱቁ ባለቤት ባስልዮስ ያገራችን ሰው ነው። ጋሼ እለው ነበር፤ ትቼዋለሁ። በየከረጢቱ ውስጥ «የመረጠችው፦ ዙልፋ» የሚል ካርድ ያስገባል። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ኮምቦልቻ ስለ ብረት የተማርኩት ከንቱ አልቀረም ብዬ። ባለፈው ሳምንት ያ ቀለበት ያለባቸውን ለይቼ አንድ ባልዲ ሙሉ ጣልኩ። ትናንት ከእረፍት ቀኖቼ ስመለስ ባልዲው ባዶ ነው። ባስልዮስ በማወልወያው ማሽን አሽቶ፣ ቀለበቱን አጥፍቶ፣ የእኔን ካርድ አስገብቶ ሸጦታል።

ሰው ይጎዳል ብዬ ጮህኩበት። ሳቀብኝ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ይህን ሱቅ ስከፍት አንቺ አፍንጫሽን መጥረግ አታውቂም ነበር» አለኝ። ለሰው ሁሉ እናገራለሁ ስለው ድምፁን ዝቅ አደረገና ካርዱ ላይ ያለው ስም የማን እንደሆነ ጠየቀኝ። የጥገኝነት ጉዳዬም ገና ፍርድ ቤት እንደሆነ አስታወሰኝ። ዝም ካልኩ ሥራዬ አለ፤ ካልሆነ ነገ እንዳልመጣ ነገረኝ። ሥራው ያስፈልገኝ ነበር፣ አልዋሽህም። ግን ሽቦዬን ከጠረጴዛው አንስቼ ወጣሁ። አብዛኞቹን ገዢዎች አላውቃቸውም፤ ስለዚህ የሆነውን ሁሉ በስሜና በፎቶዬ ጽፌ የአዳኞች የኢንተርኔት ገጽ ላይ አወጣሁት። ይክሰሰኝ።

ከገዢዎቹ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጋሼ ወልደሚካኤል፣ ኢስትሙር የሚባል ሰፈር የሚኖሩት ሽማግሌ። ከረጢቱን እንደገዙ «ያገሬን ልጅ ስም አይቼ ኮራሁ» ብለው ደውለው መርቀውኝ ነበር። ዛሬ ቤታቸው ስደርስ ሁሉንም ሞልተው ጨርሰዋል። እሳቸው ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት ቀለህ የመረጡ ናቸው፤ እንዴት ሳያዩት ሞሉ ብዬ ደነገጥኩ። «ያንቺ ስም እያለበት ሽቦ ላስገባ? ነውር አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ከሌላ ሰው ቢሆን አንድ በአንድ ይዳብሱት ነበር። ሳይሞላ የተረፈ አንድ ነበር፤ ሽቦዬን ሰጠኋቸው። ወደ ውስጥ ላኩት፣ አዞሩት፣ ያዝ አደረጋቸው። ሁለተኛ ሞከሩ። ከዚያ ቀና ብለው ሳያዩኝ «ግማሹን ለሚካኤል ሰጥቼዋለሁ» አሉ።

ሚካኤል ልጃቸው ነው። አደን ሰኞ ይከፈታል፤ እሱ ግን ዛሬ ጠዋት ስልክ የማይገባበት ጫካ ሄዷል፤ ነገ ጠመንጃውን ይሞክራል። ደጋግመን ደወልን፤ አይጠራም። የጎረቤታቸው ትልቁ መኪና እስኪመጣልን ሳሎናቸው ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። በሞሚና ቤት በኩል አልፈን ሌሊቱን እንነዳለን። ጋሼ ወልደሚካኤል አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ባስልዮስ ወሬውን አዙሮ ዙልፋ ያየችው ቀለህ ሰው ጎዳ ብሎ ደሴ ድረስ ቢያደርሰው፣ እንዲህ በልልኝ፦ አይታዋለች፣ አይታም ጥላዋለች።

የእማማን ጉልበት ሳምልኝ፤ ደህና ናት፣ ብርድ ብቻ ነው ያስቸገራት በላት። ኸውላን አላህ በሰላም ያገላግላት። ትንሹን ፈሀድ ጉንጩን ሳመው፤ ቀለህ ይዞ ሲያፏጭ ካየኸው ግን ለኔ ስትል ቀማው። አባባ ከሶላት በኋላ ሚካኤል ለሚባል ልጅ ዱዓ ያድርግለት። የማን ልጅ ነው ብሎ እንደማይጠይቅ አውቃለሁ።

መኪናው መጣ።

እህትህ ዙልፋ
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.