ሙሽራ የተሣለችበት የዕድራችን ድንኳን ግራጫ እንዳይቀባ

ለአብሮነት የመረዳጃ ዕድር ጽሕፈት ቤት
ለዕድሩ ሊቀ መንበር ለክቡር አቶ ሠረቀብርሃን
ዱርንፎንቴን፣ ጆሃንስበርግ

ቀን፦ ኅዳር 23 ቀን 2013 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የዕድሩ ድንኳን ግራጫ ቀለም እንዲቀባ የተላለፈው ውሳኔ እንዲነሣ ስለመጠየቅ

ክቡር ሊቀ መንበር፣

እኔ አመልካች ፀጋዬ ላምቤቦ በካትሌሆንግ የጥቁሮች ሰፈር፣ እኛ ሎኬሽን በምንለው፣ አነስተኛ ሱቅ ያለኝ የዕድሩ አባልና የዕቃ ቤት ኃላፊ ነኝ። ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ባለፈው እሁድ ባደረገው የዙም ስብሰባ፣ ድንኳናችን ላይ ያለው ሥዕል እንዲጠፋና ሸራው በሙሉ በመጪው እሁድ ኅዳር 27 ቀን ግራጫ እንዲቀባ ወስኗል። በስብሰባው ላይ ተቃውሞዬን ከሥር መሠረቱ አስረድቼ ከጨረስኩ በኋላ ድምፄ ተዘግቶ እንደነበር ተነገረኝ። እኔ ሁላችሁም በጥሞና የምታዳምጡኝ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ያልተሰማውን በጽሑፍ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

1. ባለፈው መጋቢት ሎክዳውኑ ታውጆ ለቅሶ መድረስ ሲገደብ፣ ድንኳኑ ተጠቅልሎ ከሱቄ ጀርባ ባለው ክፍል መቀመጡን ኮሚቴው ያውቃል። ሰው ከቤት አትውጣ ሲባል አይጥ ግን አልተከለከለችም። ክረምቱ ሲገባ ብዘረጋው ጣራው ሁለት ቦታ ላይ ተበልቶ አገኘሁት። የዕቃ ቤት ኃላፊ እንደመሆኔ ማስጠገን የእኔ ግዴታ ነበር፤ ይህን ያደረግሁትም በራሴ ወጪ ነው።

2. እንድትጠግነው የሰጠሁት ማሊኔዎ ለተባለች፣ ከሱቄ ፊት ለፊት በስፌት መኪናዋ ማስክ እየሰፋች ለምትሸጥ የሌሶቶ ተወላጅ ነው። ሌሶቶ ዙሪያዋን በደቡብ አፍሪካ የተከበበች ትንሽ ተራራማ አገር ናት። እነሱም አንዲትን ሴት በልጇ ስም ይጠራሉ፤ ማሊኔዎ ማለት የሊኔዎ እናት ማለት ነው። እኛ የእገሌ እናት እንደምንለው መሆኑ ነው። በአገራቸው ሴቶች ለበዓልና ለሠርግ የቤታቸውን ግድግዳ በአበባና በመስመር ያስጌጣሉ፤ ዝናብ ሲያጥበው ሳይቆጩ እንደገና ይሥላሉ። ማሊኔዎ ሙያውን ከእናቷ ወርሳ የራሷን ጨምራበታለች። በሸራና በጨርቅ ላይ ታክሲ ተራውን፣ የዳቦ ሰልፉን፣ ብርድ ልብስ ደርቦ ማስክ ያጠለቀውን የአገሯን ፈረሰኛ ሁሉ ትሥላለች። አምና ሥራዋን ማሴሩ ከተማ በአንድ ኤግዚቢሽን ላይ አሳይታ ነበር። ዘንድሮ ግን ድንበሩ ስለተዘጋ የእናቷን ግድግዳ ልትሥል መሄድ አልቻለችም፤ ይህም በጣም ያንገበግባት ነበር።

3. አሁን ወደ ስሕተቱ ልምጣ። ስሕተቱም የእኔ እንጂ የእሷ አይደለም። ማሊኔዎ ሸራውን ስትቀበል ለምን እንደምንገለገልበት ጠየቀችኝ። ጊዜው ሬዲዮ በተከፈተ ቁጥር የሟች ቁጥር የሚነበብበት ነበርና፣ የሞትን ስም ከአፌ ማውጣት አልፈለግሁም። እናቴ ክፉ አታውራ ብላ ያሳደገችኝ ሰው ነኝ። ስለዚህ በተሰባበረ ዙሉና እንግሊዝኛዬ፣ ሰው ሁሉ ከያለበት እንደሚሰበሰብ፣ ሦስት ቀን አብሮ እንደሚቀመጥ፣ ጎረቤት ወጥና ዳቦ ይዞ እንደሚመጣ፣ ወንዶቹ ካርታ እንደሚጫወቱ፣ የቀረ ሰው ደግሞ ዕድሜ ልኩን እንደሚወቀስ አስረዳኋት። ከዚህ ውስጥ አንድም ውሸት የለበትም። ፊቷ በራና ደስ እንደሚል ነገረችኝ፤ እኔም በደንብ አሳምሪው አልኳት።

ልረከብ ስሄድ የተቀደደው ተሰፍቷል። ሸራው ግን ከዳር እስከ ዳር ቀይ አፈርና ቢጫ አበባ ሆኗል፤ በጎንና በጎኑ ታክሲው፣ ፈረሰኛው፣ ዶሮው፣ የእኔም ሱቅ ከነፍርግርጉ አለ። ጣራው መሐል ላይ ነጭ ማስክ ያደረገች ሙሽሪት ከሙሽራው ጋር ቆማለች። እውነቱን ስነግራት አፏን በሁለት እጇ ይዛ አግዳሚው ላይ ዘጭ አለች። ከዚያ ተያየንና ሳቅ አሸነፈን፤ ሎክዳውን ከገባ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ብዬ ድንኳኑን ጠቅልዬ አስገባሁ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ድንኳኑ እንዳይፈለግ ለእያንዳንዱ አባል ረጅም ዕድሜ አጥብቄ መጸለይ ጀመርኩ። ጸሎቴም እስከ ኅዳር ድረስ መሥራቱን ኮሚቴው በመዝገብ እንዲይዝልኝ እጠይቃለሁ።

4. ኅዳር መጀመሪያ ላይ ወንድማችን አለማየሁ በቆየ የልብ ሕመም ዐረፈ። እቃ ጫኝ ባኪውን እየነዳ ሁላችንንም ያገለገለ፣ ቀልዱ የማያልቅ ሰው ነበር። ግቢያቸው ውስጥ ድንኳኑ ሲዘረጋ ለቀስተኛው ደነገጠ። እርስዎም ሥዕሉ ባስቸኳይ እንዲሸፈን አዘዙ። መቼም ብዙዎቻችን ሎኬሽን ለሎኬሽን አልጋ ልብስ አዟሪ ነንና ወዲያው ከየመኪናው መጣ። ነገር ግን የመጣው ሁሉ ከማሊኔዎ አበባ የባሰ ትልልቅ ጽጌረዳ ያለበት ሆኖ ተገኘ።

በዚህ መካከል ባለቤቱ ወ/ሮ እናትነሽ ቀና ብለው ጣራውን አዩ። ብዙ ጊዜ አዩት። እነዚህ ባልና ሚስት በአንድ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ፈርመው የተጋቡ፣ ሠርግ ያልደገሱ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ወ/ሮ እናትነሽ አልጋ ልብሱን ይዘው የቆሙትን በእጃቸው ከለከሉና ባላቸውን በቁልምጫ ስሙ እየጠሩ እንዲህ አሉ፦

«አለሙ ወረቀታችን ይስተካከል እንጂ ድንኳን አስጥዬ ሠርግ እደግስልሻለሁ ይለኝ ነበር። ይኸው አስጣለልኝ። አትሸፍኑብኝ።»

ከዚያም እያለቀሱ ሳቁ። እኛም እንደዚያው። በየተራ ጥቂት ጥቂት ሰው እየገባ፣ ተራርቆ እየተቀመጠ፣ ሦስቱን ቀን የአለማየሁን ጨዋታ ስናወራ ሰነበትን። እርስዎም በሁለተኛው ቀን፣ አለማየሁ ባኪውን ሲያቆም ዛንድስፕሩት ሰፈር ያለውን የዶሮ ቤት እንዴት እንደገጨና ዶሮዎቹን ሲያሳድድ እንደዋለ ሲያወጉ፣ ማስክዎ አገጭዎ ላይ እስኪወርድ ስቀዋል። ይህን የምጠቅሰው ለማስረጃነት እንጂ ለመክሰስ አይደለም።

5. ኮሚቴው ለውሳኔው ሁለት ምክንያት ሰጥቷል፤ ሥዕሉ ሐዘንን ያቃልላል፣ ደግሞም የባዕድ ባህል ነው የሚል። ስለ መጀመሪያው ከወ/ሮ እናትነሽ በላይ መናገር የሚችል የለም። ስለ ሁለተኛው፣ ሸራው የተገዛው ከዚህ አገር ገበያ ነው፤ ብረቱም እንደዚሁ። የእኛ የሆነው ነገር ከሥሩ መሰብሰባችን ነው። በአገር ቤትም ለሠርግም ለለቅሶም የሚጣለው ያው ድንኳን አይደለም ወይ? እኔ ባደግሁባት በሆሳዕና ከተማ፣ ቅዳሜ የተጨፈረበት ድንኳን ሰኞ ሲለቀስበት ማንም ተው አላለም።

ውሳኔውን ለማሊኔዎ ሳረዳት አልተቀየመችም። ጥፋቱ በእኔ እጅ ስለሆነ ግራጫውንም እኔ ልቀባላችሁ አለች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመቀባቷ በፊት ፎቶ አንስታ ለእናቷ ለመላክ። ሰውዬ እልኸኛ ነው ከተባልኩ እልኼ የመጣው ከዚህ ነው።

6. ስለሆነም ክቡርነትዎ፣

ሀ. ድንኳኑ ግራጫ እንዲቀባ የተሰጠው ውሳኔ ከእሁድ በፊት እንዲነሣ፣

ለ. የአለማየሁ አርባ በተፈቀደው የሰው ቁጥር በዚሁ ድንኳን እንዳለ እንዲታሰብ፣

ሐ. እኔን ከዕቃ ቤት ኃላፊነት ማንሣት ካስፈለገ ግን ያለ ቅሬታ የምቀበል መሆኔ እንዲታወቅልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ቁልፉም ከባድ ነው፣ አይጧም አልሞተችም።

አቤቱታዬ እዚህ ላይ አልቆ ልፈርም ስል ስልኬ ጠራ። የደወለችልኝ ልጅዎ ፀገነት ናት። ሠርጓ በሎክዳውኑ ምክንያት ሁለት ጊዜ መራዘሙን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። ለጥር አዳራሽ እንደማትፈልግ፣ በግቢያችሁ ውስጥ ከጥቂት ሰው ጋር እንደምታገባና ድንኳኑ እንዲሰጣት ጠየቀችኝ። ግራጫ ከሆነ ግን እንደማትፈልገው አጥብቃ ነግራኛለች። እኔ ቁልፍ ያዥ ብቻ ስለሆንኩ የሊቀ መንበሩ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ገልጬ ወደ እርስዎ መርቻታለሁ። ወ/ሮ እናትነሽም ወዲያው ደውዬ ስነግራቸው፣ አርባው እንዳለቀ ድንኳኑን በገዛ እጃቸው አጥፈው ለሙሽሪት እንደሚያስረክቡ፣ ሲጣልም ከሥሩ ቆመው እልል እንደሚሉ ቃል ገብተዋል።

ከአክብሮትና ከወንድማዊ ሰላምታ ጋር

ፀጋዬ ላምቤቦ (ፊርማ)
የዕድሩ የዕቃ ቤት ኃላፊ፣ እስከ እሁድ ድረስ

ግልባጭ፦
ለወ/ሮ እናትነሽ
ለወ/ሪት ፀገነት ሠረቀብርሃን