ከበሮው ሲከተለኝ

ውድ እህቴ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ካንቺ፣ ከባልሽ ከሐጂና ከልጆቹ ጋር ይሁን። ጉልበትሽ እንዴት ይዞሻል? ዘንድሮ እናንተ ከተማ፣ ጠንጣ፣ ብርዱ ክፉ ነው ይላሉ፤ የሱፍ ካልሲሽን ከእግርሽ አታውልቂ። እኔን ብትዪ፣ ምስጋና ለእሱ ይሁንና ቆሜ እሄዳለሁ፣ ያገኘሁትን እቀምሳለሁ።

እንደተቀየምሽኝ ሰምቻለሁ። ልብስ ተኳሹ ሸልቢ ደረጃውን ወጥቶ መጥቶ፣ አፍንጫዬ ሥር ቆሞ ጮኸብኝ። «እህትሽ በሱቄ ስልክ ደጋግማ ደወለች። መስኮትሽ ሥር ሆኜ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጠራሁሽ። መጋረጃው ተገልጦ ጀርባሽን እያየሁት ዝም! ምነው፣ ንግሥት ሆንሽብን?» አለኝ። አንቺም «ንገራት፣ ከእንግዲህ አልደውልላትም» ብለሽዋል አሉ። እህቴ፣ በአንቺ ላይ ኮርቼ አላውቅም።

ከቤት የወጣሁ ጊዜ «ጭፈራ ምን ቁም ነገር ያስተምርሻል?» ብለሽኝ ነበር። መልሱን ዛሬ ልንገርሽ። ያሰለጠነችኝ የጭፈራ አለቃ፣ ኡስታ ነበዊያ፣ መጀመሪያ ላይ ጭራሽ አታስጨፍረኝም ነበር፤ ከበሮው አጠገብ አስቀምጣ «ዝም ብለሽ አድምጪ። ያልተጠራ ወገብ አይነሳም» ትለኛለች። ባሌ ጥሎኝ ሲሄድ፣ ለበዓል የሚጠራኝ ዘመድ ሳጣ፣ ሳልጮህ ሳልለማመጥ መቀመጥን የቻልኩት በዚያ ትምህርት ነው። እጅን ለሰው መዘርጋት ግን አላስተማረችኝም። እሱን ያወቅሁት ባለፈው ሐሙስ ነው።

እዚህ ካይሮ፣ ሰይዳ ዘይነብ ሰፈር የአንዲት ሙሽራ የሒና ድግስ ነበር። ከከሰዓቱ የዐስር ሰላት በኋላ በጠባቡ መንገድ ላይ ድንኳን ተጥሎ፣ የሳንቃ መድረክ ተሠርቶ፣ ሴቶቹ ጢም ብለዋል። ከኋላዬ ሐሰኔን ከበሮውን ይዟል፣ ከጎኑ ፈትሒ አኮርዲዮኑን። ሐሰኔንን አትረሺውም፤ እናታችን የሞተች ጊዜ፣ አንቺ ከበሮ መቺ ከለቅሶ ቤት አይገባም ብለሽ፣ ቀኑን ሙሉ ደጅ ቆሞ የዋለው ሰውዬ ነው።

ቀስ ብዬ ጀመርኩ። ወገቤ የለመደውን ያውቃል። ትንሽ እንደቆየሁ ከፊቴ ያሉት ልጃገረዶች አፋቸውን በእጃቸው ሲሸፍኑ አየሁ። ዞር ብል፣ የሐሰኔን እጆች ከበሮው ላይ ተኝተዋል፤ ፈትሒም አኮርዲዮኑን ዘግቷል። ዜማው ካለቀ ቆይቷል። ብቻዬን ነበር የምጨፍረው።

ፈትሒ መቼም ምላሱ ስለት ነው፤ ወደ ሴቶቹ ዞሮ አንድ ነገር ጣል አደረገ። ምን እንዳለ አላወቅሁም። ሳቃቸውን ግን አየሁት።

ሻሼን አንስቼ ልወርድ ስል፣ ሐሰኔን በርጩማውን አንጠልጥሎ መጣና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ከበሮ መቺ እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም። ዓይኑን ወገቤ ላይ ተከለና (ክፉ አታስቢ፣ ሽማግሌ ነው) በአገጩ «ቀጥዪ» አለኝ። ዳሌዬን ሰበር ሳደርግ እጁ ወረደ። ስቆም ቆመ። ሳንቃው በባዶ እግሬ ሥር ተርገበገበ። ዕድሜዬን ሙሉ ከበሮ ስከተል ኖሬ፣ ያን ቀን ከበሮው እኔን ተከተለኝ። የሙሽራዋ እናት ተነስታ ከፊቴ እስክስ ስትል፣ የሴቶቹ ምላስ ሁሉ ለእልልታ ሲንቀጠቀጥ አየሁና አለቀስኩ። ላብ መስሏቸዋል።

ዕቃችንን ስንሸክፍ ሐሰኔን ፊቴ ቆሞ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየ፣ «ከመቼ ወዲህ ነው?» አለኝ።

«ምኑ?» አልኩት።

መዳፌን ይዞ ከበሮው ቆዳ ላይ አስቀመጠና በሌላ እጁ ቀስ ብሎ መታው። ንዝረቱ እጄ ድረስ መጣ፣ ድምፁ ግን አልመጣም። «ከረመዳን በፊት ጀምሮ» አልኩት።

«ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«አንቺ ሞኝ! ሰው የሌለሽ ይመስል?» ብሎ ተቆጣኝ። ቀጥሎም፣ «እህት አለችሽ አይደል? ጻፊላት» አለኝ። ደጅ ያስቆምሽው ሰው ነው እንዲህ ያለኝ።

እህቴ፣ ካይሮ ጸጥ ስትል አይተሽ ታውቂያለሽ? እዚህ መስኮቴ ሥር አውቶቡሶቹ ያልፋሉ፣ ፉል ሻጩ አፉን ከፍቶ ይሄዳል። ሰላት መድረሱን የማውቀው ሰዉ ወደ መስጊዱ ሲያመራ አይቼ ነው። ሬዲዮኑን ለጎረቤቴ ሰጠኋት። «ምነው፣ ተበላሸ?» ስትለኝ «አዎ፣ ተበላሸ» አልኳት።

እና አትደውዪልኝ፤ ነዪ። በሩን ገርበብ አድርጌ እጠብቅሻለሁ፣ ሳታንኳኪ ግቢ። ስታወሪኝ ፊትሽን ወደ እኔ አዙሪ። ስትስቂ ደግሞ አፍሽን በእጅሽ መሸፈን ልማድሽ ነው፤ እባክሽ አትሸፍኚው።

አላህ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ የሐጂን ዕድሜ ያርዝምልሽ።

ናፍቆትሽ የበረታባት፣
ታናሽ እህትሽ