የተላጠው ክሮምና የአባባ እጅ

ለውድ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንዴት ሰነበትክ? ብርድ በገባ ቁጥር የሚይዝህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ሰሌዳው ፊት ቆመህ ተማሪዎችህ ላይ ታስልባቸዋለህ? ባለቤትህ ደኅና ናት? ያቺ የፊት ጥርሷ ወልቆ በፎቶ ያየኋት ልጅህስ፣ አዲሱ ጥርስ ብቅ አለላት? እማዬ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? እህታችን መዝገብ ቤቱ ውስጥ አሁንም ሰውን ታንቀጠቅጣለች? አባባ እንዴት ናቸው? እጃቸውስ? የእጃቸውን ነገር በስልክ ሁለት ጊዜ ጠይቄሃለሁ፤ ይህ ሦስተኛዬ ነው። ለምን እንደምደጋግመው ከታች ታገኘዋለህ። በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር፤ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ወሬው ወደ አየሩ ጠባይ ይሄድብኛል።

እኔ ደኅና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ከሳህ የሚለኝም የለም። ክፍሌ ያው ከጋራዡ በላይ ያለችው ናት፤ በብረት ደረጃ ነው የሚወጣባት፣ መስኮቷ የሚከፈተው ወደ መኪና ማጠቢያው ነው። አንሶላዬን ባጥበው ባጥበው የቀለም ሽታው አልለቅ ብሏል። ግን የራሴ ናት፣ ቁልፏም ኪሴ ውስጥ ነው። ቁልፍ የሚለውን ቃል ሳላስበው ጻፍኩት፤ እንግዲህ ይቆይ፣ ወደዚያው ነው የምሄደው።

እማዬ ሥራዬን ለጎረቤት የምታወራው “መኪና ያሳምራል” እያለች ነው። እውነቱን ልንገርህና ቀኑን ሙሉ የተላጠ ክሮም ነው የማየው። በመኪና ፊት፣ በበር እጀታ፣ በመስኮት ዙሪያ የሚያብረቀርቀው ነገር ብረት ይመስላል እንጂ ፕላስቲክ ነው፤ ላዩ ላይ ከወረቀት የሳሳ ብረት ተለብጦበታል። ፀሐይ ሲመታው ፕላስቲኩ ይለጠጣል፣ ሲበርደው ይኮማተራል፤ የለበሰው ብረት ግን አብሮት እሺ አይልም። አንድ ቀን ጠጠር ትመታዋለች፣ በዚያች ቀዳዳ ውሃ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ጫማ እንደላጠው ተረከዝ ውሃ ይቋጥራል። ባለ መኪናው ቆሻሻ ይመስለውና በጥፍሩ ይፍቀዋል። እኛ ዘንድ የሚመጣው እንግዲህ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ነው።

አለቃዬን ታስታውሰዋለህ፣ በስልክ ያስተዋወቅሁህ። ያለ ጓንት ካየን ግቢውን በጩኸት ስለሚያናጋው ከኋላው “ጓንቴ” ነው የምንለው። የመጀመሪያዋን ቀን ሥራ ከማስጀመሩ በፊት አውራ ጣቱ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየኝ። ውሃ የቋጠረ ክሮም አይፈተግም፣ በባዶ እጅም አይዳበስም፤ ሲፈነዳ ጠርዙ ምላጭ ነው አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት አለፈ። ይህን ነገር ከእንቅልፌ ቀስቅሰህ ብትጠይቀኝም እነግርሃለሁ። ማለትም አላውቅም ነበር የምልበት ቀዳዳ የለኝም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ወንድሜ፣ ቀንቼብሃለሁ። እንደ ቀልድ አይደለም፤ አንጀቴ እስኪያር ነው የቀናሁብህ።

የመጀመሪያ ልጅ እኔ ነኝ። አባባ ሠላሳ ዓመት የሰው መኪና ሲነዱ፣ ማታ ይዘውት የሚመጡትን የመሥሪያ ቤት መኪና ሳጥብ ያደግሁት እኔ ነኝ፤ አንተ በባልዲው ውሃ ትንቦራጨቅ ነበር። ጡረታ ወጥተው ያቺን ነጭ መኪና ሲገዙ “የቤቱ መኪና ናት” ብለው ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ቁልፉ ካንተ ኪስ ተገኘ። እማዬ ምክንያቱን ነግራኛለች፤ አንተ እዚያው ነህ፣ ሐኪም ቤት የምታመላልሳቸው አንተ ነህ፣ ሩቅ ያለ ሰው ቁልፍ ምን ይሠራለታል አለችኝ። ልክ ናት። ልክ መሆኗ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ደግሞ ሌላ ልንገርህ። እኔ ወደዚህ የመጣሁ ዕለት ዝናብ ነበር። አባባ ወገባቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ሆነው ነው እጃቸውን ያውለበለቡልኝ፤ አልወረዱም። መኪናዋ በመጣች በሳምንቱ በረዶ ሲወርድ ግን ብርድ ልብስ ይዘው ሮጠው ወጥተው አለበሷት ብላ እማዬ እየሳቀች አወራችኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ የትኛው ብርድ ልብስ እንደሆነ ጠየቅኋት። ያ ሰማያዊው፣ እኔ እለብሰው የነበረው ነው። ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም። ትልቅ ሰው በብርድ ልብስ ይቀናል ወይ ትለኝ ይሆናል። ይቀናል።

ከዚያ ወዲህ ቤት በደወልኩ ቁጥር የምሰማው መኪናዋን ነው። መኪናዋ ጎማ ተቀየረላት፤ መኪናዋ ሰርግ አጀበች፤ አባባ በየማለዳው ወጥተው የፊቷን ፍርግርግ ይወለውሉላታል። እኔ ስድስት ዓመት የሰው መኪና ሳሳምር አንድ ቀን እንኳ “ምን ሠራህ ዛሬ?” ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም።

እንግዲህ ሆዴ እንዲህ ሞልቶ ነው አንተ የላክህልኝ ፎቶ የመጣው። የፍርግርጉ የታችኛው ጥግ ላይ ምስር የምታክል እብጠት፣ አጠገቧ ሦስት ትንንሽ። “ጋሼ፣ ይህን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለምና ምን ላድርግ?” ብለህ ጻፍክልኝ። ፎቶውን በጣቴ አስፍቼ አየሁት። ላንተ መዋሸት ሰልችቶኛልና ልንገርህ፤ ደስ አለኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ያቺ የምታብለጨልጭ መኪና እንከን ወጣላት፣ እንከኗን የማውቀውም እኔ ነኝ ብዬ ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

ትክክለኛው መልስ ሁለት መስመር አይሞላም ነበር። አትንካው፣ ማንም በእጁ እንዳይነካው፣ እስኪቀየር ድረስ ላዩ ላይ ፕላስተር ለጥፍበት። ለማንም ደንበኛ የምለው ይህንኑ ነው። ላንተ ግን ደውዬ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ ድስት ማጠቢያ ሽቦ ውሰድና በሳሙና አጥብቀህ ፈትገው፣ እብጠቱ ይተኛል አልኩህ። አንተም አመሰገንከኝ። የሰው እጅ አላሰብኩም፤ ይህን እመነኝ። ያሰብኩት መኪናዋ ፊቷ ተገሽልጦ ትምህርት ቤቱ ግቢ ስትገባና አስተማሪዎቹ ሲጠቋቆሙብህ ነው። አባባ በየማለዳው እንደሚወለውሏት ረስቼው ነበር። ረስቼው ነበር ማለቴም ልክ አይደለም፤ እማዬ ነግራኛለች፣ መስማት ስላልፈለግሁ ነው ጆሮዬ ያልያዘው።

አንተ ቅዳሜ ፈተግህ፣ እሳቸው እሑድ ማለዳ በአሮጌ ካናቴራ ሊወለውሉ ወጡ። የቀረውን ካንተ በላይ አልነግርህም። እማዬ በስልክ ስትነግረኝ ሦስት ጣት ተሰነጠቀ፣ ዘጠኝ ቦታ ተሰፋ፣ ሌባ ጣታቸው አልታጠፍ ብሏል አለችኝ። የሸሚዛቸውን ቁልፍ እሷ ነች የምትቆልፍላቸው። እኔ የክፍሌ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው የሰማኋት።

ከዚያ ያለችኝን ስማ። አባባ ካንተ ጋር መነጋገር ትተዋል፣ መኪናዋ ውስጥ አልገባም ብለው ሐኪም ቤት በእግራቸው ነው የሚሄዱት። እንዲህም ብለዋል አለችኝ፦ “ትልቁ ቢኖር ኖሮ ይህ አይደረግም ነበር። እሱ ሙያውን ያውቃል።”

ይህን ቃል ስንት ዓመት እንደጠበቅሁት አንተ አታውቅም። አልሰማሁም፣ መስመሩ ይቆራረጣል አልኳት። ደገመችልኝ። አሁንም አልሰማሁም አልኩ። ሦስተኛ ጊዜ ነገረችኝ። መስመሩ እንደ ብርጭቆ የጠራ ነበር፣ ወንድሜ። አባቴ ጣታቸው ተሰንጥቆ እኔ ምስጋና አስደግም ነበር።

በመጨረሻ፣ ለምን በሽቦ ፈተገው ብዬ ጠየቅኋት። “ከራሱ ጭንቅላት ያመጣው ነው፤ ማንም አልነገረኝም ይላል” አለችኝ። ሸፈንክልኝ ማለት ነው። አንድ ወር ሙሉ የአባባን ኩርፊያ ተሸክመህ ስሜን አላነሳህም። ማመስገን ነበረብኝ። እኔ ግን ስልኩን ስዘጋ የመጀመሪያው ሐሳቤ ምን እንደነበር ታውቃለህ? እዚህም ላይ ሊበልጠኝ ነው የሚል ነው። ቁልፉ ያንተ፣ ብርድ ልብሱ የመኪናህ፣ አሁን ደግሞ ደግነቱም ያንተ።

አንድ ቀን ጓንቴ ፊቴን አይቶ ጎትቶ አወጣኝና ሁሉንም ነገርኩት። ሳያቋርጥ ሰማኝ። ስጨርስ፣ “ለደንበኛ እንዲህ ብለህ ታውቃለህ?” አለኝ። አላውቅም አልኩት። “ለወንድምህ ብቻ ነው?” አለኝና ሥራውን ቀጠለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ከኋላ ተገጭታ የተጣለች፣ ልክ እንደ መኪናህ ያለች አንዲት መኪና ግቢያችን ውስጥ አገኘሁ። የፊቷ ፍርግርግ ጭረት የለበትም። ፈትቼ አጠብኩት፣ ጠርዝ ጠርዙን በጣቴ ሳይሆን በጥጥ ዳበስኩት፤ ጥጡን የያዘ ቦታ የለም። በጨርቅ ጠቅልዬ በጭነት መኪና ልኬልሃለሁ። ስትቀይረው የቆዳ ጓንት አድርግ። የድሮውን አትጎትተው፣ ከኋላ ያሉትን ማያያዣዎች አንድ በአንድ በካቻቢቴ አላቅቅ። ያወጣኸውን በወፍራም ካርቶን ጠቅልለህ ልጅህ የማትደርስበት ቦታ ጣለው። ይህ ትክክለኛው ምክር ነው፤ ካላመንከኝ ሌላ ባለሙያ ጠይቅ፣ አልቀየምም። ስጠቀልለው ደግሞ ይህም ተገጥሞ የሚያብረቀርቀው ላንተ ነው ብዬ ማሰቤን አልደብቅህም። ቅናት በአንድ ጥፋት የሚለቅ ነገር አይደለም።

አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው። የአባባ ዓይን ከደከመ ወዲህ ከእራት በፊት ደብዳቤዬን የምታነብላቸው አንተ ነህ። አነባበብህን ደግሞ አውቀዋለሁ። ሥራ ያጣሁ ጊዜ የጻፍኩትን ገጽ ሙሉ ዘለህ፣ “ደኅና ነኝ ይላል” ብለህ አልፈሃል፤ እህታችን ነግራኛለች። ይህንንም ብታገኘው ከ“ቀንቼብሃለሁ” ጀምረህ ዘለህ ፍርግርጉ ላይ ታርፍ ነበር። ስለዚህ ፖስታውን በእህታችን ስም አድርጌ፣ ለብቻዋ ሳትከፍተው ሁላችሁንም አስቀምጣ ጮክ ብላ እንድታነበው ጀርባው ላይ ጽፌላታለሁ። የመዝገብ ቤት ሰው ናት፤ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አትዘልም። ስለዚህ ይህን ሁሉ የምትሰማው ከእሷ አፍ ነው፣ አባባም አጠገብህ ናቸው። ተነስተህ ልትወጣ እንደሆነ አውቃለሁ። ተቀመጥ።

እማዬ፣ ባለሽበት ሰላም ብዬሻለሁ፤ ሦስት ጊዜ ስላስደገምኩሽ ይቅር በዪኝ፣ መስመሩ ደኅና ነበር። እህቴ፣ የምታነቢው አንቺ፣ ድምፅሽ እዚህ ጋ ቢደክም ውሃ ጠጪና ቀጥዪ። ለወንድሜ ባለቤት አክብሮቴን ስጡልኝ፤ ባሏ በእኔ ጥፋት ስንት ቀን አንገቱን ደፍቶ እንደዋለ ያየችው እሷ ናት። ልጅቷን ጉንጯን ሳሙልኝ።

አባባ፣ እንዴት ነዎት? በሽቦ ፈትገው ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ሲጠይቀኝ አምኖኝ ነው። ትልቁ ሙያውን ያውቃል ብለዋል አሉኝ። አዎ፣ አውቃለሁ። ሳላውቅ ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። አውቄ ነው ያልኩት። ያን ቃልዎን ይውሰዱብኝና ነገ ሐኪም ቤት ሲሄዱ መኪናዋ ውስጥ፣ ከእሱ ጎን ይቀመጡ።

ልጅዎና ወንድምህ

ከጋራዡ በላይ ካለችው ክፍል
የካቲት ዘጠኝ ቀን