ቾክ የሌላት ማሽንህ

ይድረስ ለአባዬ፣

ከተለየኸን ሦስት ወር ሊሞላ ነው። ሰማንያህም አለፈ። ጠላው ትንሽ ጎምዝዞ ነበር፣ ግን ሰው አልተከፋም። እኔም በዚያን ቀን ከማንም ጋር አልተጣላሁም። ይሄን ብቻ ብነግርህ ደስ ይልህ ነበር፤ ግን ሌላም ወሬ አለኝ።

የሣር ማጨጃህ አልነሳም ብላ ነበር።

አቦከር ያለውን የጋሽ ታዬን ሠርግ አዳራሽ ታውቀዋለህ፣ ስንት ዓመት ግቢውን ያጨድክለትን። ክረምቱ ሣሩን ወገብ አድርሶታል። ጋሽ ታዬ ጠርቶኝ፣ «ልጄ፣ እሁድ ሠርግ አለ። እስከ ቅዳሜ ካላጨድሽ አዲስ ማሽን ያላቸውን ልጆች እጠራለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ሥራው የነሱ ነው» አለኝ። ያንተን ሥራ ሌላ ሰው ሲወስደው ቆሜ ላየው ነው እንግዲህ?

ሐሙስ ዕለት እማዬ ማሽኗን የሸፈነችበትን ጋቢህን ገለጠችልኝ። ስትነሳ አየር የሚዘጋላት የቾኩ እጀታ ከተሰበረ ወዲህ አንተ እንዴት እንደምታስነሳት አይቻለሁ። የካርቡሬተሩን አፍ በመዳፍህ ትዘጋለህ፣ በሌላው እጅህ ገመዱን ትስባለህ፣ ሳል ስትል መዳፍህን ታነሳለህ። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ሠላሳ ጊዜ ሳብኩ፣ ምንም። ከዚያ ታውቀኛለህ፣ በእግሬ አልኳት። ጫማዬ ተቀደደ፣ እሷ ምንም አልሆነችም።

ፈረስ መጋላ አጠገብ ያለው ሞተር ሠሪ ጋ ተሸክሜ ወሰድኳት። ሳይነካት፣ «አቦ፣ ይሄን ቅራቅንቦ ጣይው። ቾክ የሌለው ሞተር አፍንጫ እንደሌለው ሰው ነው» አለኝ። «አፍ ብቻ ካለው ሰው ይሻላል» ብዬው ተሸክሜ ተመለስኩ። አርብ ዕለት በረንዳው ላይ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ያኔ ነው ትምህርት ያቆምኩበት ቀን ትዝ ያለኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ አስተማሪው ላይ ደብተር ወርውሬ ስመጣ፣ ሰፈሩ በሙሉ መካሪ ሆነብኝ። አንተ ግን ማዳበሪያ አንጥፈህ ይቺን ማሽን ፈታህና፣ «በይ ግጠሚያት» አልከኝ። ሦስት ጊዜ አበላሸኋት። ሦስቴም ሳትቆጣ እንደገና ፈታሃት። አባዬ፣ በዚያን ጊዜ ብርጭቆ እንኳን አንስቼ ሳልፍ ሰው «ቀስ» ይለኝ ነበር። አንተ እንጀራህን የምታገኝበትን ማሽን ሰጠኸኝ። አመሰግናለሁ ብዬህ አላውቅም። አሁን እያልኩህ ነው።

ያኔ አንድ ነገር ነግረኸኝ ነበር፤ «ካልተነሳች ከመደብደብሽ በፊት የጠጣችውን እዪው።» ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩ። እንደ አሮጌ ቀለም ይሸታል። አንተ ሥራ ስትጨርስ ሁሌ ነዳጁ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ታሠራት ነበር። በመጨረሻው ቀን ግን ደረትህን ይዘህ ሥራውን ሳትጨርስ አስቀመጥካት። እማዬ ደግሞ ሰማንያህ ሳያልፍ ዕቃህን ማንም እንዳይነካ ብላ፣ ለክብርህ ሸፍና አስቀመጠቻት። ያን ሁሉ ጊዜ ነዳጁ ውስጧ ተኝቶ እንደ ሙጫ ሆኖ ካርቡሬተሩን ደፍኖታል። ቾኩን በከንቱ ነው የምናማው።

መድፋት ነበረብኝ። ግን በአንተ እጅ የተቀላቀለ የመጨረሻው ቤንዚንና ዘይት ነው። ጣሳ ይዤ ቆምኩ። እማዬ ከኋላዬ መጥታ፣ «ድፊው። እሱ ቢኖር ቶሎ ይደፋው ነበር» አለች። ደፋሁት። ካርቡሬተሩን ፈትቼ በአዲስ ቤንዚን አጠብኩ፣ ትንሿን ቀዳዳ ከሽቦ ብሩሽ በነቀልኩት ቀጭን ሽቦ ጠረግኩ፣ ብልጭታ የሚሰጣትን ካንዴላ ወልውዬ ገጠምኩ፣ አዲስ ቤንዚንና ዘይት ቀላቅዬ ሞላኋት።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ታዬ በአዳራሹ በር ላይ ቆሞ እያየኝ ሳብኳት። ሳለች። ጠፋች። እንደገና ሳለች፣ ጠፋች። መዳፌ ትንሽ ነው አባዬ፣ በጣቶቼ መሀል አየር ያስገባል። ልረግጣት እግሬን ሳነሳ፣ ምሳዬን ይዛ አብራኝ የመጣችው እማዬ ሳህኑን አስቀምጣ፣ «እጅሽን አንሺ» አለችና የራሷን መዳፍ ጥርቅም አድርጋ የካርቡሬተሩ አፍ ላይ ደፋች። ሳብኩ። ስትስል «አሁን ልቀቂ» አልኳት። ለቀቀች፣ ማሽኗም ተነሳች። እማዬ ደንግጣ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ ሳህኑን ረገጠችውና ሳቀች። አንተ ከሄድክ ወዲህ ስትስቅ ሳያት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት አጨድኩ። ጋሽ ታዬ ግቢውን ዞሮ ዞሮ የሚተች ነገር ሲያጣ፣ «የሚቀጥለው ወርም ያንቺ ነው» አለ።

አባዬ፣ ንዴቴ አልጠፋም፤ እንደማይጠፋም አንተም ታውቃለህ። ግን እጄ ሊያጠፋ በተነሳ ቁጥር አንተ ሦስቴ ሳትቆጣ መፍታትህን አስታውሳለሁ። ይሄን ቃል እገባልሃለሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ሥራው ሲጠነክር አዲስ ቾክ አስገጥማለሁ አልኳት። እማዬ መዳፏን አሸተተችና፣ «ምን ያደርግልሻል? እኔ አብሬሽ እመጣለሁ» አለችኝ።

ያንተው ሠናይት