ጥምቀት በሰው አገር

ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሕንድ አገር

ዛሬ ጥምቀት ነው። ባሌን ታደሰን ለሕክምና ይዤው ከጎንደር ከመጣሁ ወር ሆነኝ። ጠዋት ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ከእንግዲህ የሚሞከር ነገር ስለሌለ አገራችን ብንገባ እንደሚሻል ነገረኝ። እኔ ነርስ ነኝ፤ ይህንኑ ወሬ ለስንት ቤተሰብ ነግሬአለሁ። ለባሌ ግን "ቀሪውን መድኃኒት እቤት ትጨርሰዋለህ" አልኩት። ውሸታም!

በዓሉን ክፍል ውስጥ ተዘግተን አንውል ብዬ ታክሲ ያዝኩ። ሾፌሩ ሐይቅ ዳር ወዳለ የሂንዱዎች ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ወሰደን። ድንጋዩ በዕድሜ ጠቁሯል። ደረጃው እስከ ውኃው ይወርዳል፤ ሰዉ ከነልብሱ እየገባ ይነከራል። ቁርጥ የጎንደሩን ጥምቀተ ባሕር፣ ቀሐን መሰለኝ።

እኔ በር ላይ ቆምኩ። እሱም አይገባም ብዬ ነበር። ታደሰ እኮ የሌላ እምነት ደጅ ረግጦ የማያውቅ፣ በጥምቀት ታቦት ሳያጅብ የማይውል ሰው ነው። ዛሬ ጫማውን አውልቆ፣ ግድግዳውን እየተደገፈ ወረደ። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀምጦ እግሩን ውኃው ውስጥ ከተተ። ሮጬ ደረስኩበት።

"ምነው ታዴ? አንተ?"

"ውኃ ነው" አለኝ። በእርጥብ እጁ ፊቱን አበሰ። ወደ እኔ ሳይዞር፣ "ለከርሞ ቀሐ ስትወርጂ ለእኔም ተረጪልኝ" አለ።

አብረን እንወርዳለን ማለት ነበረብኝ። እሺ አልኩት።