ከግድግዳ ማዶ ላለ ባል የተሰጠ የስልክ ተራ

ይድረስ ለተከበሩ የወታደር ቤተሰቦች ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔና ልጄ እርስዎን የመሰለ አሳቢ ስላለን ደህና ነን። ባሌ ጠረፍ የዘመተብኝ ልብስ ሰፊ ነኝ። በየቅዳሜው የወታደር ቤተሰብ ወደ አዳራሽዎ መጥቶ ከዘመተበት ሰው ጋር በስልክ እንዲነጋገር ስለፈቀዱ ላመሰግንዎ፣ እግረ መንገዴንም ጥቃቅን ነገሮችን ላነሳብዎ ይህን በአደባባይ ጽፌያለሁ።

አንደኛ፤ ተራ የሚሰጠው ቅርብ ላለው ወታደር ቤተሰብ አስቀድሞ መሆኑ የሚደነቅ ብልሃት ነው። የቅርብ መስመር አይቆራረጥም፤ ያልተቆራረጠ ጥሪ ደግሞ ለበላይ ሲነገር ያምራል። የጠረፉ መስመር ስለሚንጫጫ ወደ መጨረሻ ይገፋል፤ መጨረሻው ሲደርስ አዳራሹ ይዘጋል። ሩቅ የሄደ ሰው ሩቅ በመሄዱ ቢቀጣ ተገቢ ነው፤ ማን ሂድ አለው እንዳልል ግን የላከው የእናንተው ትእዛዝ ነው።

ሁለተኛ፤ ጎረቤቴ። እሷንና እኔን የሚለየን አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ባሏ ከአዳራሽዎ ጀርባ ያለው የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ወታደር ሲሆን፣ ምሳውንም እራቱንም ቤቱ ይበላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የመጀመሪያው ተራ የእሷ ነው፤ እሷ አዳራሹ ውስጥ፣ እሱ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ሆነው ይነጋገራሉ። መስኮት ቢከፈትላቸው ስልኩም ባላስፈለገ ነበር። ስትመለስ በሬ ላይ ቆማ «ድምፁ ከስቶብኛል እኮ እህቴ» ትለኛለች፤ ምሳ ያበላችው ግን ራሷ ናት። ላለው ይጨመርለታል ማለት ይኸው ነው።

ሦስተኛው አቤቱታ እንኳ አይደለም፤ ቅናት ነው። ለስልኩ ብላ ጫማዋን ስትወለውል እቀናለሁ። በራቸው ሲጢጥ ብሎ ሲከፈትና እሱ «ቤቶች!» ብሎ ሲገባ መርፌው ጣቴን ይወጋኛል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ግን ዝም ብዬ ነቀዝኩ።

አራተኛ፤ ለጸሐፊዎ የተለየ ምስጋና አለኝ። ችግሬን ባስረዳው ጊዜ «ባልሽ ቀረብ ወዳለ ቦታ ቢዛወር እኮ ቀላል ነበር» ብሎ መክሮኛል። ከቀረበማ ስልክ ምን ያደርግልኛል ብዬ አልመለስኩለትም፤ ጨዋ ቤተሰብ ነው ያሳደገኝ።

ክቡር ሆይ፣ ባሌ ሲዘምት ልጃችን በሆዴ ነበረች። አሁን አፏን ፈታለች፤ የአባቷን ድምፅ ግን አንድ ቀን እንኳ ሰምታ አታውቅም። ቢንጫጫም፣ ቢቆራረጥም፣ ስሟን ጠርቶ እስኪጨርስ ብቻ መስመሩ ቢቆይላት ይበቃናል። አንድ ቅዳሜ ከሩቁ ይጀመርልን፤ የቅርቦቹ እራት ላይ ያወራሉ።

አዳራሽዎ ሲከፈት ደርሳ ሲዘጋ የምትመለስ፣ ለደጅዎ ቁልፍ ከዘበኛዎ ይልቅ የቀረበች፣ አክባሪዎ፤

የጠረፉ ወታደር ሚስት

ማስታወሻ፤ ትናንት የጎረቤቴ ባል ለምሳ ገብቶ ሲስቅ፣ ልጄ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ካዳመጠች በኋላ ወደ እኔ ዞራ «አባዬ መጣ» አለችኝ። ስለዚህ የእኛ ተራ እስኪደርስ ድረስ ሰውየው ቤቱ ሲገባ ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ እባክዎ ይንገሩልኝ። በስልክ ቢነግሩት ይሰማዎታል፤ የእሱ መስመር ጥሩ ነው።