የመርማሪው ረዳት

ልጄ ማዕዶት፣ በዚያ ብርድ አገር የጌታ እጅ ይሸፍንሽ። እኛ እዚህ በስደት ባለንበት ሳውዝ ሲ ሰፈር ደህና ነን ልበልሽ።

ከወንድምሽ ከቶሚ ጋር አንድ የመርማሪ ድራማ እናያለን። እኔ ዋናውን ትቼ ረዳቱን ወደድኩ፤ መኪና የሚነዳውን፣ ዝናብ ላይ ቆሞ የሚጠብቀውን፣ ማንም የማያመሰግነውን። ባለፈው ሳምንት በጥይት ተመታ። ጨንቆኝ በጸሎት ኅብረታችን «ለአንድ ታማኝ ልጅ ጸልዩልኝ» አልኩ። እህቶች አልቅሰው ጸለዩ፤ የቴሌቪዥን ሰው ነው ለማለት አፈርኩ።

ስመለስ ቶሚ ማታቱ ታክሲው መውረጃ ላይ ዝናብ እየመታው ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ያንቺ የውጭ አገር መሄጃ ፕሮሰስ አልቆ የእሱ ሪጄክት ከሆነ ወዲህ ሳቁን አልሰማሁም። ጸሎቱ ለማን እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ጸጋው ይብዛልሽ። ስትደውዪ ስልኩን የሚይዝልኝ እሱ ነው፤ እስቲ አንድ ቀን እሱንም «እንዴት ነህ» በዪው።

እናትሽ ፋናዬ